ኤክስኤስኤል፣ ኤክስኤስኤልቲ፣ ኤክስኤስኤል-ኤፍኦ፦ ስማቸው ቢቀራረብም ሥራቸው ለየቅል ነው

ጎንደር ያለው የሰፈራችን ዕድር መዝገብ ለዓመታት ሦስት ቦታ ይኖር ነበር። አንዱ በጸሐፊው እጅ ያለው ደብተር ነው። ሁለተኛው በወርድ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ የዕቃ ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈው ዝርዝር ነው። ሦስተኛው በቴሌግራም የሚላከው የውዝፍ ማስታወሻ። አንድ አባል ከፒያሳ አካባቢ ለቆ አዘዞ ሲገባ ደብተሩ ይታረማል። ሁለቱ ግን እንደነበሩ ይቀራሉ። ለቅሶ ሲደርስ ጥሪው ወደ ድሮው ቤት ይሄዳል። ሰው ሳይጠራ ይቀራል፤ ቅር ይለዋል። በዕድር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ መዝገቡን አንድ ቦታ፣ በአንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ለማስቀመጥ ተነሳሁ፤ ኤክስኤምኤል መረጃን ከነስያሜው በጽሑፍ የምናስቀምጥበት መንገድ ነው። ሦስቱም ከዚያ ከአንዱ ፋይል ይወጣሉ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጎረቤቴ ልታግዘኝ መጣችና ገና ቡናው ሳይፈላ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ አንዱ ኤክስኤስኤል ይላል፣ አንዱ ኤክስኤስኤልቲ ይላል፣ ሌላው ኤክስኤስኤል-ኤፍኦ ይላል። አንድ ናቸው ሦስት? ሲኤስኤስ እያለስ ለምን አስፈለጉ?»

ጥያቄዋ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ያን ቀን በአጭሩ መለስኩላት። እዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ፋይላችን ምን እንደሚመስል እንይ።

<ዕድር>
  <አባል ሰፈር="አዘዞ">
    <ስም>ኃይሉ</ስም>
    <ውዝፍ>150</ውዝፍ>
  </አባል>
  <አባል ሰፈር="ማራኪ">
    <ስም>አልማዝ</ስም>
    <ውዝፍ>0</ውዝፍ>
  </አባል>
</ዕድር>

ይሄው ነው። ስለ ቀለም፣ ስለ ፊደል መጠን፣ ስለ ወረቀት አንድም ነገር አልተባለም። ፋይሉ የሚናገረው ይሄ ስም ነው፣ ይሄ ውዝፍ ነው የሚለውን ብቻ ነው። ስሙ ዕድር ውስጥ ባለው አባል ሥር፣ አባሉ ደግሞ በዕድሩ ሥር ስለሚገኝ ነገሩ ቅርንጫፍ እንዳለው ዛፍ ይታያል። ከዚህ በኋላ ዛፍ ስል ይህንን ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ታጎቹን፣ ማለትም በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያሉትን ስሞች፣ በአማርኛ መጻፍ ሁልጊዜ የሚቻል አልነበረም። ኤክስኤምኤል 1.0 የወጣው በፌብሩዋሪ 1998 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) ያኔ የታግ ስም በዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚዘረዝረው መስፈርት) 2.0 ውስጥ ባሉ ፊደላት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ የገባው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1999፣ ከ3.0 ጋር ነው። በታጎቹ መካከል አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ታጉን ራሱን ግን <አባል> ብሎ መሰየም አይቻልም ነበር። በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 በሩን ከፈተው፤ ግን ብዙ ሰው አልተጠቀመበትም። መፍትሔው በደንብ የመጣው የ1.0 አምስተኛ እትም በኖቬምበር 2008 ሲወጣ ነው። አሥር ዓመት አለፈ ማለት ነው። ያረጀ መሣሪያ የአማርኛ ታግ አይቶ ፋይሉ ስህተት አለበት ካላችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄው። እኔ እነዚህን ነገሮች የምለያቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ፋይሉን ስሰጠው ምን ይመልስልኛል?

ከሲኤስኤስ እንጀምር፤ በዕድሜም ይቀድማል። የመጀመሪያው የወጣው በ1996 መጨረሻ ነው፤ ኤክስኤምኤል ገና ሳይጸድቅ። ሲኤስኤስ ዛፉን እንዳለ ይወስድና መልክ ይሰጠዋል። ስም ደማቅ ይሁን፣ ውዝፍ ቀይ ይሁን ትሉታላችሁ፤ ያደርገዋል። የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ይሄን በቀላሉ ይረዳል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ይሄዳል፤ ርእሱና የቅዱሳኑ ስም በቀይ ይጻፋል። ቀዩ ቀለም አንዲት ቃል ከቦታዋ አላነሳም። ሲኤስኤስም እንደዚያ ነው። መደበቅ ይችላል። ተራ ቁጥር መስጠት ይችላል፤ የግእዝ ቁጥር ራሱ፣ ፩ ፪ ፫፣ «ኢትዮፒክ-ኑሜሪክ» በሚል ስም በመስፈርቱ ውስጥ ተካቷል። ነገር ግን አባላቱን በፊደል ተራ ደርድርልኝ፣ ውዝፉን ደምርልኝ፣ በየሰፈሩ ሰብስብልኝ ብትሉት አይችልም። ለዚያ አልተሠራም።

ኤክስኤስኤል የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። ከኤክስኤምኤል በፊት ኤስጂኤምኤል የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ትልልቅ ሰነድ የሚያሳትሙ ሰዎች በእሱ ይሠሩ ነበር። ለእሱ ማስዋቢያ ዲትሪፕልኤስኤል የሚባል ቋንቋ በ1996 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኖ ወጥቷል። ኃይለኛ ነው፤ ለመልመድ ግን ከባድ። ሰዎቹ ያንን አቅም ለኤክስኤምኤልም ፈለጉት። ፕሮጀክቱን ኤክስኤስኤል አሉት፤ ኤክስቴንሲብል ስታይልሺት ላንጉጅ ለማለት ነው።

ሥራው ሲጀመር አንድ ቋንቋ ብቻ ሊሆን ታስቦ ነበር። እየገፋ ሲሄድ ግን ውስጡ የተለያዩ ሥራዎች እንዳሉ ታየ። ዛፉን መልሶ ማዋቀር አንድ ሥራ ነው። ገጽ ላይ ማስፈር ሌላ ሥራ ነው። ከዛፉ ውስጥ የምትፈልጉትን ቅርንጫፍ መጠቆም ደግሞ ሌሎችም ቋንቋዎች የሚፈልጉት ነገር ነው። ስለዚህ ተከፋፈለ። ማዋቀሪያው ኤክስኤስኤልቲ፣ መጠቆሚያው ኤክስፓዝ ተባሉና ሁለቱም ኖቬምበር 16 ቀን 1999 ጸደቁ። የገጹ ክፍል ዘገየ፤ በኦክቶበር 2001 ወጣ።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ያ የገጽ ክፍል በኦፊሴል የወጣበት ስም «ኤክስኤስኤል 1.0» ነው። ሰዉ ግን ኤክስኤስኤል-ኤፍኦ፣ ሲያሳጥረውም ኤፍኦ ይለዋል። በሌላ በኩል የኤክስኤስኤልቲ ፋይሎች በልማድ የሚቀመጡት «ነጥብ ኤክስኤስኤል» በሚል ቅጥያ ነው። ይሄ እንዳይበቃ ማይክሮሶፍት በ1999 ያወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ከመጽደቁ በፊት የነበረውን ረቂቅ ይዞ መጣ። በዚያ ረቂቅ የተጻፉ ምሳሌዎች ዛሬም አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ኤክስኤስኤል ሲላችሁ መላውን ቤተሰብ፣ ኤክስኤስኤልቲን፣ ኤፍኦን ወይም ያንን የድሮ ረቂቅ ማለቱ ሊሆን ይችላል። የትኛውን እንደሆነ ጠይቁት። እኔ በበኩሌ ኤክስኤስኤል የሚለውን ቃል ለብቻው መጠቀም ትቻለሁ።

ኤክስፓዝን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ጎንደር ላይ ለእንግዳ ቤት ስንጠቁም እንዴት ነው የምንለው? ከፒያሳ ተነስ፣ ቁልቁል ውረድ፣ ሁለተኛው ቅያስ ላይ ታጠፍ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ነው። ኤክስፓዝ ይሄው ነው።

ዕድር/አባል[@ሰፈር='አዘዞ']/ስም

ከዕድር ተነስ፣ አባል ጋ ግባ፣ ሰፈሩ አዘዞ የሆነውን ምረጥ፣ ስሙን አምጣ። እያንዳንዷ ዘንበል ያለች መስመር (/) አንድ እርምጃ ናት። በቅንፉ ውስጥ ያለው አረንጓዴው በር ነው። ኤክስፓዝ ፋይሉን አይነካም፣ አይለውጥም። ይጠቁማል፤ ሲያስፈልግም ይቆጥራል፣ ይደምራል። ብቻውን አይኖርም፤ ሌላ ቋንቋ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሠራው።

ከሁሉም በላይ የሚገባበት ኤክስኤስኤልቲ ነው። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኤክስኤስኤልቲ አንድ ዛፍ ተቀብሎ ሌላ ይሰጣል። የሚሰጠው ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ኤክስኤምኤል ሊሆን ይችላል፣ ተራ ጽሑፍም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ፋይል እንዳለ ይቀመጣል። የምትጽፉት ደንብ ነው፤ ደንቡ ቴምፕሌት ይባላል። አባል ስታገኝ ይህን ጻፍ፣ ስም ስታገኝ ያንን ጻፍ። መጀመሪያ ይሄን አድርግ፣ ቀጥለህ ያንን አድርግ የሚል የትእዛዝ ሰልፍ አይደለም። ከሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የሚመጡ ሰዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ተለዋዋጭ የሚባለው፣ ዋጋ የምናስቀምጥበት ስም፣ አንዴ ዋጋ ከተሰጠው እንኳ አይቀየርም። ድምሩን እየጨመርኩ ልሂድ ብላችሁ ብትጀምሩ መንገዱ ይዘጋባችኋል። ለድምር የኤክስፓዝ የመደመሪያ ተግባር አለ፤ እሱን ጥሩት።

አንድ ሊታወቅ የሚገባው ባሕርይ አለው። ደንብ ያልጻፋችሁለት ታግ ሲያጋጥመው ዝም ብሎ አያልፈውም። ወደ ውስጥ ይገባና ጽሑፉን አውጥቶ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ምንም ደንብ የሌለው ባዶ ስታይልሺት (ደንቦቹ የሚጻፉበት ፋይል) ብትሰጡት የሁሉም አባል ስምና ውዝፍ ያለ ታግ ይወጣላችኋል። ጽሑፉ እንዲህ ተደበላልቆ ከወጣ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ደንባችሁ ያሰበውን ታግ አላገኘም።

ይሄን የተማርኩት በሁለት ምሽት ድካም ነው። ደንቡን በትክክል ጽፌያለሁ፤ አባል የሚለውም ትክክል ነው። ውጤቱ ግን የተደበላለቀ ጽሑፍ ብቻ። ምክንያቱ ኔምስፔስ ሆኖ ተገኘ። ከሆነ ምሳሌ ላይ የገለበጥኩት አንድ መስመር በፋይሉ አናት ላይ ነበር። ያ መስመር በሥሩ ላሉት ታጎች በሙሉ የወገን ስም ሰጥቷቸዋል።

ነገሩን በአባት ስም ማሰብ ይቀላል። ግቢው ውስጥ ሁለት አልማዝ ቢኖሩ በአባታቸው ነው የምንለያቸው። ኔምስፔስም ለታግ የአባት ስም ነው። ፋይሌ ውስጥ ያለው «አባል» የአባት ስም ነበረው። ደንቤ ውስጥ ያለው አልነበረውም። ለማሽኑ ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። መፍትሔው ያንኑ የአባት ስም በስታይልሺቱም ውስጥ ማሳወቅና በመንገዱ ላይ መጥራት ነው።

ኤክስኤስኤልቲ ራሱም የአባት ስም አለው። የድረ ገጽ አድራሻ ይመስላል፤ በውስጡ 1999 የሚል ዓመት አለ። አንዳንዱ ሰው ይሄ አርጅቷል ብሎ ዓመቱን ይቀይረዋል። እንዳትነኩት። በ2017 የወጣው 3.0 እንኳ የሚጠቀመው ያንኑ ነው። ማሽኑ ወደ አድራሻው አይሄድም፤ ስም ብቻ ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ስታይልሺቱ ስታይልሺት መሆኑ ይቀራል።

ወደ መደርደር ስንመጣ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። በዕድራችን አንዱ ኃይሉ ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ ሀይሉ፣ ሌላው ሐይሉ። በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ከተደረደረ ሦስቱ ተራርቀው ሦስት ቦታ ይወድቃሉ። ዝርዝሩን የሚያነቡት አዛውንት ስሜ ጠፋ ይላሉ። ኤክስፓዝ ከ1.0 ጀምሮ ትራንስሌት የሚባል ተግባር አለው። ስሙ እንደሚያስመስለው ቋንቋ አይተረጉምም፤ ፊደል በፊደል ይተካል። ለመደርደሪያው ብቻ ሐን፣ ኀን፣ ኃን፣ ሃን ሁሉ በሀ ተካ እለዋለሁ። ሠን በሰ፣ ዐን በአ። ሰውየው ስሙን እንደጻፈው ይታተማል፤ ቦታው ግን ሰው የሚፈልገው ቦታ ይሆናል። ይህቺን አንድ መስመር በጣም ነው የምወዳት።

የእትም ልዩነትም መታወቅ አለበት። በኤክስኤስኤልቲ 1.0 አባላትን በየሰፈራቸው መሰብሰብ አስቸጋሪ ነበር። ሰዎች በቁልፍ ተጠቅመው ዞረው የሚደርሱበት ዘዴ ነበራቸው፤ ባለሙያው ስቲቭ ሙንሽ ስለፈጠረው በስሙ ይጠራል። በጃንዋሪ 2007 የወጣው 2.0 ለመሰብሰብ የራሱን ትእዛዝ አመጣ፤ ነገሩ ቀለለ። ቀን መጻፊያ ተግባርም ያኔ መጣ። ደስ የሚለው፣ መስፈርቱ ከሚዘረዝራቸው የዘመን አቆጣጠሮች አንዱ የኢትዮጵያ ነው፤ የራሱ ባለሁለት ፊደል ኮድ አለው። ግን እያንዳንዱ መሣሪያ እንዲደግፈው አያስገድድም። ስለዚህ መጀመሪያ ሞክሩት። እስከዚያው እኔ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ፋይሉ ውስጥ በጽሑፍ ነው የማስቀምጠው።

አሁን ኤፍኦ። ይሄኛው የወረቀት ሰው ነው። ብራናው ላይ ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት ጸሐፊው ነጥብ ወግቶ መስመር ያሰምራል። ዓምዱን ይወስናል፣ ኅዳጉን ይተዋል። ኤፍኦም የሚናገረው ስለዚህ ነው። ገጹ ኤፎር ነው፣ ኅዳጉ ይህን ያህል ነው፣ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የዕድሩ ስም ይውጣ፣ ግርጌው ላይ የገጽ ቁጥር ይኑር፣ የአንድ ሰፈር ዝርዝር መሐል ላይ አይቆረጥ።

ኤፍኦን በእጅ የሚጽፍ ሰው እምብዛም የለም፤ በጣም ይረዝማል። የሚጽፈው ኤክስኤስኤልቲ ነው። መዝገቡን ይቀበልና የኤፍኦ ዛፍ አድርጎ ያወጣዋል። ያንን ደግሞ ፎርማተር የሚባል መሣሪያ ተቀብሎ ፒዲኤፍ ያደርገዋል። በነፃ የሚገኘው አፓቼ ኤፍኦፒ ነው፤ የሚሸጡም አሉ። ስለዚህ ኤክስኤስኤልቲ ይሻላል ወይስ ኤፍኦ ብሎ ማወዳደር አያስኬድም። አንዱ የሌላውን ግብዓት ያዘጋጃል።

በአማርኛ ለሚያትም ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ። ፎርማተሩ በራሱ የሚመርጠው ፎንት የእኛ ፊደል የለውም። ኤፍኦፒ ፊደሉን ሲያጣ በቦታው # ያስቀምጣል። ሙሉ ገጽ በ# ተሞልቶ ካገኛችሁት ስታይልሺታችሁ አልተበላሸም። ኖቶ ሰንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ሲል ጫኑ፣ ለፎርማተሩ የት እንዳለ ንገሩት፣ በኤፍኦው ውስጥም በስሙ ጥሩት።

ኤፍኦ ብዙ ቃላቱን ከሲኤስኤስ ነው የወሰደው፤ የፊደል መጠን፣ ኅዳግ፣ ቀለም የሚሉት ስማቸው አንድ ነው። ኤፍኦ በ2006 እስከ 1.1 ደረሰ። 2.0 ተጀምሮ ረቂቅ ሆኖ ቀረ። በዚህ መሐል ሲኤስኤስ ራሱ ገጽ ማውጣት ተማረ። ዛሬ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ቢያማክረኝ በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ የማተሙን መንገድ መጀመሪያ ሞክር እለዋለሁ። በኤፍኦ የሚሠራ ነገር ያለው ሰው ደግሞ የሚያፈርስበት ምክንያት አይታየኝም።

ኤክስኪዌሪም ስሙ ስለሚነሳ በአጭሩ፦ ከኤክስኤስኤልቲ 2.0 ጋር በአንድ ቀን የወጣ የመጠየቂያ ቋንቋ ነው፤ ኤክስፓዝን ይጋራል። ብዙ ሰነድ ያለበት ዳታቤዝ ላይ ነው የሚያምርበት። ለዕድር መዝገብ አያስፈልግም።

ታዲያ የእኛ መዝገብ እንዴት ሆነ? ለቴሌግራሙ አንድ ኤክስኤስኤልቲ አለ፤ ውዝፍ ያለባቸውን ብቻ መርጦ ተራ ጽሑፍ ያወጣል። ለበሩ ማስታወቂያ ሌላ ኤክስኤስኤልቲ አለ፤ ኤፍኦ ያወጣና ፒዲኤፍ ይሆናል። በስልክ ለሚያዩት ሦስተኛው ኤችቲኤምኤል ያወጣል፤ መልኩን ሲኤስኤስ ይሰጠዋል። በሦስቱም ውስጥ መንገድ የሚያሳየው ኤክስፓዝ ነው።

ተማሪዋ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ኤክስኤምኤሉን ራሱን ከስታይልሺቱ ጋር አገናኝተን ብንልከው ብራውዘሩ ራሱ አይለውጠውም ወይ? ለዓመታት ይቻል ነበር፤ በኤክስኤስኤልቲ 1.0 ብቻ። ብራውዘሮች ወደ 2.0 አልተሻገሩም። በ2025 ደግሞ የክሮም ሠሪዎች ኤክስኤስኤልቲን ከብራውዘሩ ለማውጣት ማቀዳቸውን አሳውቀዋል። ይሄ ኤክስኤስኤልቲ ሞተ ማለት አይደለም። ለ1.0 ኤክስኤስኤልቲፕሮክ፣ ለ3.0 በነፃ የሚገኘው ሳክሰን ኤችኢ በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ። ስለዚህ መዝገቡ የሚለወጠው በጸሐፊው ላፕቶፕ ላይ ነው። ለአባላቱ የሚደርሳቸው ያለቀለት ገጽ ነው። አዘዞ የገባው አባል አድራሻም አሁን የሚታረመው አንድ ቦታ ብቻ ነው።